ተቀባዩን የቆረጥኩበት ፕሮግራም

ሬዲዮ የሚሠራው ተናጋሪው ይመስላል። እኔም ሬዲዮ ስጠግን በኖርኩበት ዘመን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አምቦ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ሬዲዮና ቴፕ ስፈታ ስገጥም ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ታዲያ አንድም ቀን፣ ይህን የምሰማውን ወሬ ማን ቆርጦ ማን ቀጥሎ እንደሚልከው አስቤ አላውቅም። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያስተማሩኝ ካቻቢቴና የብየዳ ሊድ ናቸው።

የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ አንዲት መምህርት መቅጃ ቴፗ ተበላሽቶባት ወደ ሱቄ መጣች። በትርፍ ጊዜዋ ስለ ባህልና ስለ ፖለቲካ የሚያወራ የሳምንት ፕሮግራም ታዘጋጅ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ስምንት ደቂቃ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ፣ እኛ አምቦዎች ስናወራ እንደምናደርገው ተደባልቆ። ቴፑን ከፈትኩትና ካሴቱን አጫወትኩት። አንድ ሰው ስለ መሬት ያወራል።

"ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እውነተኛ ድምፁ ከዚህ ይወፍራል። ቴፑ እየሮጠበት ነው" አልኳት።

"ሰውዬውን ያውቁታል እንዴ ጋሼ?"

"አላውቀውም። ግን በዚህ ድምፅ የሚያወራ ሰው እንደዚያ ረጅም ትንፋሽ አይኖረውም።"

በሳምንቱ ተመልሳ መጣችና ወደ ጣቢያው ወሰደችኝ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ግን ሰዓት አጥባቂ። የትምህርት ማስረጃ ሲጠይቀኝ እሷ ቀድማ "የእሳቸው ማስረጃ ጆሯቸው ነው" አለችው። እንዲህ ሆኖ ከተናጋሪው ጀርባ ገባሁ።

ሥራው በኮምፒዩተር ነው። መጀመሪያ ፈራሁት። በኋላ ግን ድምፅ እዚያ መስኮት ላይ ተራራና ሸለቆ ሆኖ እንደሚሳል አየሁ። ሰው ሲጮህ ጉብታ ይሆናል፤ ሲተነፍስ ሜዳ ይሆናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ እዘለዋለሁ፤ ተራራውን ግን አነበዋለሁ። ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ሦስት ቀን አስተማረን። "ሳል አውጡ። እህ እና እ የሚለውን አውጡ። ተናጋሪው ሲናገር ሌላ ሰው ጣልቃ ከገባ አውጡ። የአካባቢ ድምፅ ግን ተዉ፤ ወፍ፣ ከብት፣ ውሃ፣ እሱ ጥሩ ነው" አለን። ፕሮግራሙ ካለፈ በኋላ ሰው በፈለገው ሰዓት እንዲሰማው ማስቀመጥም ፖድካስት እንደሚባል ነገረን። እኛ ዘንድ ኢንተርኔቱ እንኳን ድምፅ ደብዳቤም ሲያደርስ ያቃስታል፤ ስለዚህ ፖድካስታችንን ለሞባይል ሱቆች ሰጠነው። እነሱ በሰው ሚሞሪ ላይ ይገለብጡታል፤ ሰዉ ደግሞ በብሉቱዝ ይቀባበለዋል። ጉደር ላይ የጫነ ሹፌር አዲስ ዓለም ሲደርስ አራግፎት ይሄዳል።

ሳል ማውጣት ወደድኩ። መምህርቷ "መቀስ" ብላ ስም አወጣችልኝ። ሰው እየተንተባተበ የተናገረውን አቃንቼ ስሰጠው፣ ተናጋሪው ራሱ "እንዲህ አድርጌ ነው እንዴ የተናገርኩት?" ብሎ ደረቱን ሲነፋ፣ ልቤ ይሞቅ ነበር። በሽምግልናዬ የያዝኩት ሙያ ነውና ኮርቼበታለሁ፤ አልዋሽም።

ከእንጭኒ አለፍ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ በዚያ ሰሞን አንድ ጉዳይ ነበረ። የከብት ገበያው ከቦታው ተነሥቶ ከወንዝ ማዶ ይሁን ተባለ። የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሰዎች "የድሮው ቦታ ጠበበ" ይላሉ። ሕዝቡ ደግሞ "ወንዙ ድልድይ የለውም፤ ክረምት ሲመጣ ቅቤና እንቁላል ይዘው ከገበያው ጎን የሚቀመጡት ሴቶች በምን ይሻገራሉ?" ይላል። ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ። ለሕዝቡ እንዲናገሩ የተመረጡት አንድ ረጅም፣ ቀጭን ገበሬ ነበሩ፤ ብዙ ደም ያደረቁ፣ ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ። መምህርቷ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፕሮግራማችን ልንከታተለው ለአድማጭ ቃል ገባች። የመጀመሪያው የሽማግሌው ንግግር፣ የመጨረሻው ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሸንጎ እንዲሆን።

ሄድን። ሽማግሌው ግቢያቸው ብሳና ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ከጎናቸው አንድ አጠር ያለ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሽማግሌ ተቀምጧል። እሱ ተቀባይ ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ሲናገር ብቻውን አይናገርም። አንድ ሰው ይቀበለዋል። ተናጋሪው አንድ ሐረግ ይልና ቆም ይላል፤ ተቀባዩ "ኤዬ" ይላል፤ አዎ እንደማለት ነው። ደግሞ አንድ ሐረግ፣ ደግሞ "ኤዬ"። አንዳንዴም "ሀዬ"፤ እሺ፣ ይሁን እንደማለት።

ይህን ልማድ አላውቅም ማለት አልችልም። እናቴ ቤት፣ ጎረቤት፣ ለቅሶ ቤት ስሰማው ያደግሁት ነው። ነገር ግን ሰው ትንፋሹን እንደማይቆጥር ሁሉ እኔም ቆጥሬው አላውቅም። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው ሆንኩ፤ የአሠልጣኙ ሰው። ሽማግሌው በኦሮምኛ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲናገሩ፣ ያ ኮፍያ የደፋው ሰውዬ በየመሐሉ "ኤዬ" ሲል፣ "ምነው ትንሽ ራቅ ባደረጉልኝ" እያልኩ ስበሳጭ ዋልኩ።

አምቦ ተመልሰን መምህርቷ ዋናውን ክፍል መረጠችልኝና ሦስት ቀን ሠራሁበት። ኤዬዎቹ በየተራራው መሐል እንደ ኩይሳ ብቅ ብቅ ይላሉ። እንክርዳድ ከስንዴ እንደሚለቀም ለቀምኳቸው። ክፍተቱን ዘጋሁ። የሽማግሌው ንግግር እንደ ፈሳሽ ውሃ ወረደ፤ ልክ ሃያ ስምንት ደቂቃ። ቁጥቋጦው ውስጥ የጮኸችውን ላም ግን ተውኳት፤ የአካባቢ ድምፅ ናት።

ኃላፊው ሰምቶ ተነሥቶ ጨበጠኝ። "ጋሼ፣ ዛሬ ተመረቁ!" አለኝ።

ቅዳሜ ተላለፈ። ሰኞ መምህርቷ ስትገባ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

"ምን ሆንሽ?"

"ሽማግሌው በትራቸውን አስቀምጠዋል ጋሼ። ሸንጎው ላይ አልናገርም ብለዋል። የሬዲዮ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ ብለዋል።"

"ምን አደረግን?"

ተቀመጠችና ነገረችኝ። በዚያች ከተማ ያን ቀን ገበያ ነበር። ሻይ ቤቱ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ደጅ አወጣው። ሰዉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ይናገራሉ፤ ይናገራሉ፤ የሚመልስ የለም። መጀመሪያ አንዱ ሳቀና "ምነው ኦቦ ብቻቸውን ያወራሉ? አመማቸው እንዴ?" አለ። ይህስ ቀላል ነበር። ከዚያ ሌላው "ሰው አልመለሰላቸውም" አለ። ይህኛው ከባድ ነው። ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተናግሮ ሰው ዝም ካለው፣ ሕዝቡ ቃሉን አልተቀበለውም ማለት ነው። ስድብ ሳያስፈልግ፣ ዱላ ሳያስፈልግ፣ ዝም ብቻ። ያን የሰማ አንድ የጽሕፈት ቤቱ ሰውም ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ "ይኸው፣ የገዛ ሰዎቻቸው እንኳ ኤዬ አላሏቸውም" ብሎ ሄደ።

"እኔ እኮ አንድ ቃላቸውን አልነካሁም!" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ።

"ቃላቸውን አልነኩም ጋሼ። ሰዉን ነው የወሰዱባቸው።"



ኃላፊው ወሬውን ሲሰማ ጠራን። የሸንጎው ቀን ሁለት ሳምንት አይሞላውም። "ለአድማጭ ቃል ገብተናል። ሽማግሌው ካልመጡ ሸንጎ የለም፤ ሸንጎ ከሌለ ፕሮግራሙ አንገቱ የተቆረጠ ነው። ሰዓቱን ለእግር ኳስ ወሬ እሰጠዋለሁ" አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከበላይ ያለው ይጠይቀዋል። መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔን ግን ያሳሰበኝ ኳሱ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው፣ በእኔ ጣት አፋቸው ተዘጋ። ገበያውም ማዶ ይሄዳል።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው መጣ።

"ጋሼ፣ አንድ ሽማግሌ ዕቃዬ ተወስዶብኛል እያሉ በር ላይ ቆመዋል።"

"ምን ዕቃ?"

"ኤዬ ነው የሚሉት። እኔ ምን ላውቅ!"

ወጣሁ። ያ ተቀባይ ነው። ኮፍያውን እንደደፋ፣ በትሩን እንደያዘ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ።

"አንተ ነህ የምትቆርጠው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ ኦቦ። ይግቡ።"

"አልገባም! ከጠዋት እስከ ቀትር አፌ እስኪደርቅ ተቀበልኩ። ቅዳሜ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ጎረቤቱን ሰብስቤ 'ዛሬ እኔም በሬዲዮ አለሁ' ብዬ ተቀመጥን። የታለሁ? አንድ እንኳ! ሚስቴ ምን አለችኝ መሰለህ? 'ለመሆኑ ያን ቀን የት ነበር የዋልከው?'"

ሳቄ መጣ፤ ያዝኩት።

"ትስቃለህ? ላሟ ስትጮህ ተሰማች። የተናጋሪው ላም! ሰው ሁሉ 'የሱ ላም እኮ ናት' አለ። ላሟን አስቀምጠህ እኔን ቆረጥክ? ከላም አንሼ ነው?"

አሁን አልቻልኩም፤ ሳቅሁ። እሱም ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁን ግን ዋጠው። ከዚያ አፈርኩ። እጄን ዘርግቼ "ኦቦ፣ ኤዬዎችዎ አልጠፉም። ውስጥ አሉ። ይግቡና ይዩአቸው" አልኩት።

እውነቴን ነበር። ጠጋኝ ነኝ፤ ከሰው ዕቃ ላይ የፈታሁትን ብሎን እንኳ አልጥልም። ሳይቆረጥ የተቀዳው እንዳለ ተቀምጧል። አስገባሁትና ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥኩት። ማዳመጫውን ከኮፍያው በላይ ደፋሁለት፤ ኮፍያውን አላወልቅም አለ። ከፈትኩለት።

ፊቱ ተፈታ። የሽማግሌው ድምፅ ሲመጣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ የራሱ ኤዬ ሲመጣ ደግሞ ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ረሳው መሰለኝ፣ ከሬዲዮው ጋር አብሮ መቀበል ጀመረ። ሁለት ተቀባይ ሆነ። አቆምኩት።

"አሁን እስቲ አስተምረኝ" አልኩት፤ አንተ መባባል ጀምረን ነበር። "ሁሉም ኤዬ አንድ አይደለም እንዴ?"

እንደ ሕፃን አየኝ።

"አንድ? ይሄ 'ቀጥል' ነው። ይሄ 'እውነት ብለሃል፣ ሰዉም ይስማ' ነው። ይሄ…" ጣቱን መስኮቱ ላይ ባለችው ትንሽ ኩይሳ ላይ አደረገ፤ ድምፅ እንደዚያ እንደሚሳል ገብቶት ነበር፤ "ይሄ አጭሩ፣ 'ቀስ በል፣ ተቆጥተሃል' ነው።"

መልሼ አሰማሁት። እዚያ ቦታ ላይ ሽማግሌው ስለ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሲናገሩ ድምፃቸው ወፍሮ ነበር፤ ሊሰድቡ ነው። ያ አጭር፣ ቀዝቃዛ ኤዬ ይመጣል። ሽማግሌው ዝም ይላሉ። ይተነፍሳሉ። ከዚያ "እነሱም እኮ ልጆቻችን ናቸው" ይላሉ።

እኔ ኤዬዋንም ዝምታውንም ቆርጬ፣ ቁጣውን "ልጆቻችን ናቸው" ከሚለው ጋር አጣብቄዋለሁ። የሰማ ሰው ሁሉ፣ እኚህ ሽማግሌ የሚሉትን አያውቁም፣ ይቆጣሉ ወዲያው ይለዝባሉ፣ ጃጅተዋል ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ስንት ዓመት ድምፅ ሰምቻለሁ ያልኩ ሰውዬ፣ ሰው ሲመከርና ሲመለስ የሚሰማበትን ቦታ ቆሻሻ ነው ብዬ አውጥቼዋለሁ። ለተቀባዩ ነገርኩት።

"እንግዲህ ሥራ" አለ።

አምቦ ዘመድ ቤት አረፈና ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከጎኔ ተቀመጠ። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ማኅበር የምጠጣ ሰው ነኝ፤ ሻይ ላይ ተስማማን። ኤዬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስናቸው። ሁሉንም ይመልስ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ተሳሳትኩ። አንዷ ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ።

"ይቺን አውጣት።"

"ለምን?"

"እውነተኛ አይደለችም። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ ሳልሰማ ነው ያልኩት።"

አወጣኋት። ሌላም ቦታ "እዚህ ዘግይቻለሁ፤ ግን ተዋት፤ እያሰብኩ ነበር" አለኝ። ከአሠልጣኙ ሦስት ቀን የተማርኩትን ይህ ሰው በሁለት ጠዋት አሰፋልኝ። ዝምታ ባዶ ሜዳ እንዳልሆነ፣ ሰው ቆሞበት የሚያስብበት ቦታ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ችግሩ ጊዜው ነው። አርባ አንድ ደቂቃ ሆነ። ኃላፊው ጭንቅላቱን ያዘ።

"ሃያ ስምንት ነው የምለው! ዜና እኮ አለ!"

"የኔን ጥያቄዎች አውጧቸው" አለች መምህርቷ።

"እንዴ፣ አቅራቢዋ ሳትሰማ?"

"ማን ይፈልገኛል? እሳቸው ሳይጠየቁም ያውቁታል።"

ጥያቄዎቿን አወጣን። ሙዚቃውን አወጣን። መግቢያዋን ሁለት መስመር አደረገችው። ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠው ሥጋ ነው። ኃላፊው "እስቲ ልስማው" ብሎ ማዳመጫውን ደፋ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን እያየ ነበር። ቀስ በቀስ ዓይኑ ከሰዓቱ ላይ ተነሣ። መሐል ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ እንዳለ "ሀዬ" አለ፤ ጮክ ብሎ። መምህርቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ተቀባዩ ግን አልሳቀም፤ እንደ ባለሙያ አንገቱን ነቀነቀ፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ማለቱ ነው።

"ዜናውን አምስት ደቂቃ እገፋዋለሁ" አለ ኃላፊው። "አንድ ጊዜ ብቻ!"

ቅዳሜ መምህርቷ እንዲህ ብላ ጀመረች፤ "ባለፈው ሳምንት ያሰማናችሁ ንግግር ተቀባዩን ያጎደለ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የተናጋሪው አይደለም። ዛሬ ከነተቀባዩ ስሙ።" እኔ "የቆራጩ ነው በይ" ብያት ነበር፤ እምቢ አለች። ተቀባዩ ፕሮግራሙ የተገለበጠባትን ሚሞሪ በላስቲክ ጠቅልሎ ኮፍያው ውስጥ ከቶ ወደ አገሩ ገብቶ ነበር። ፕሮግራሙ ባለቀ በሰዓቱ የሞባይል ሱቁ ደጅ ሰው ተሰልፎ ነበር አሉ። በብሉቱዝ እየተቀባበሉት እንጭኒ ደረሰ። ተቀባዩም ሻይ ቤት ለሻይ ቤት እየዞረ "ይሄኛውን ስሙ፣ ይሄ እኔ ነኝ" ሲል ዋለ።

ከሽማግሌው ግን ድምፅ የለም። ቅዳሜ ዋለ፤ ምንም። ሸንጎው ማክሰኞ ነው። እሑድ ከመምህርቷ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስልኳ ደወለ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሽማግሌው ልጅ ናት።

"አባባ ምን ብለዋል መሰለሽ" አለች። "ማክሰኞ የሬዲዮ ሰዎች ከመጡ ማይክ ለሁለት ሰው ይዘው ይምጡ ብለዋል።"

መምህርቷ መንገድ ላይ እልል አለች። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። ሙሽራ የያዝን መስሎት ይሆናል።

ማክሰኞ ሁለት ማይክ ይዘን ሄድን። ሸንጎው ሜዳ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በአንድ ወገን፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በወንበር በአንድ ወገን። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው መጡ። እኔን አዩኝ። ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ "ይቅር ይበሉኝ አባቴ" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና "አንተ ነህ ላሜን በሬዲዮ ያስጮህካት? ወተቷ ጨምሯል" አሉ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም።

መጀመሪያ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ተነሣ፤ ያው ሻይ ቤት በር ላይ የተናገረው። ከወረቀት ያነባል። አንድ ሐረግ ያነብና ቀና ይላል፤ ሕዝቡ ዝም። ደግሞ ያነባል፤ ዝም። እሱም የዚሁ አገር ሰው ነውና ዝምታው ምን እንደሆነ ያውቃል። በማዳመጫዬ ውስጥ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እውነት ለመናገር አዘንኩለት።

ተቀባዩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው አንገታቸውን ትንሽ ነቀነቁ። ተቀባዩም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ዞሮ፣ ለስለስ አድርጎ፣ "ኤዬ" አለው።

ሰውየው ደነገጠ። ሕዝቡም አጉረመረመ። እንደገና አንድ ሐረግ ተናገረ፤ "ኤዬ"። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ያወራው እንደ ሰው ነው። የድሮው ቦታ እውነትም እንደጠበበ፣ ከብቶች ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ እንደሚደርሱ ተናገረ። ሕዝቡ ይህን ከዚህ በፊት አልሰማም ነበር፤ ሰውየውን ስለማያዳምጠው። "ኤዬ" አለ ተቀባዩ፤ ይቺኛዋ እውነት ብለሃል የምትለዋ ናት፤ አሁን አውቃታለሁ። ሰውየው ቆመ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው "እርግጥ ነው፣ ድልድይ የለም። ሴቶቹ ክረምት አይሻገሩም" አለ።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ "ኤዬ!" አለ። የመቅጃዬ መርፌ እስከ ቀዩ ድረስ ዘለለች፤ አልቀነስኳትም።

ሽማግሌው ተነሥተው የተናገሩት አጭር ነበር። ነገሩ አልቋል እኮ። ድልድይ እስኪሠራ ገበያው ካለበት አይነቃነቅ፤ ከብቶቹም ከትምህርት ቤቱ አጥር እንዲርቁ ሕዝቡ ራሱ አጥር ይትከል አሉ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ተነጋገሩና እሺ አሉ። ተመራረቁ፤ ምርቃቱንም ተቀባዩ ተቀበለ፤ ድምፁ ደክሞት ጎርናና ሆኖ ነበር፤ ደስ ይል ነበር።

ያን ሸንጎ ስሠራ ሳሉን እንኳ መርጬ ነው ያወጣሁት። ኃላፊው ስንት ደቂቃ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ "አርባ አራት" አልኩት። ወጣና ቆይቶ ተመለሰ፤ "አርባ አምስት ሰጥቻችኋለሁ። የእግር ኳሱ ሰዎች እሑድ ይሂዱ" አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አላለም። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አርባ አምስት ደቂቃ እንደሆነ ቀረ። ያ አሠልጣኝ እንደገና ሲመጣ ሸንጎውን አሰማነው። ሲያልቅ የማስተማሪያ ወረቀቱን አውጥቶ "ጣልቃ የሚገባን ድምፅ አውጡ" የምትለዋ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዘባት። ለሌሎች ጣቢያዎች ሲያስተምርም ይህንኑ ወስዶ እንደሚያሰማ ሰማሁ። አራተኛ ክፍል እንኳ ያልረገጠ ሰው የሠራውን! ያን ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ የሄድኩት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ነው።

ክረምቱ ሲገባ መምህርቷ "ጋሼ፣ እስቲ ገበያውን ሄደን እንየው" አለችኝና ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ቀይ አፈር ይዞ ይወርዳል፤ ማዶ ያለው ለገበያ ተብሎ የተጸዳው ሜዳ ላይ አንድ ሰው የለም። በወዲህ በኩል ግን ገበያው ደርቷል። በአዲሱ አጥር ጥግ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በኮባ ሸፍነው ከፍ ባለው መሬት ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ጠራችኝና ቅቤ ታቀምሰኝ ጀመር፤ እስክገዛ ድረስም አለቀቀችኝ።